በየትኛው «ሀ» ፈለግኸው?

አባት ለልጁ የሚተወው ነገር ብዙ ነው። አንዱ መሬት ይተዋል፥ አንዱ ቤት፥ አንዱም ዕዳ። ከዚህ ሁሉ ጋራ ደግሞ ምክር ይተዋል። ምክርን ለመውረስ ፍርድ ቤት ቀርቦ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት አያስፈልግም፤ ወንድምና እኅትም አይካሰሱበትም። ምናልባት ብዙዎቻችን ችላ የምንለው ስለዚህ ይሆናል።

የአገራችን ሰው የአባትን ምክር በጽሑፍ ማኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት አንድ መጽሐፍ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ይባላል። እኛ የዚህ መጽሐፍ ስሙ ብቻ እንኳ ደስ ይለናል። አንዱ ነገር ለልጅ ሲሰጥ ምክር ነው፤ ወደ አባት ሲመለስ ግን መታሰቢያ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንነግረው ከመጽሐፍ ያገኘነውን ሳይሆን ከገዛ አባታችን የተማርነውን፥ ተምረንም ያጠፋነውን ነው። ነገሩም የሚጀምረው ከአንዲት ፊደል ነው።

አባታችን ጡረታ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። መዝገብ ቤት ሲባል ለአንባቢ የሚታየው አቧራ፥ የጎበጠ መደርደሪያና የሚያንቀላፋ ሠራተኛ ይሆናል። ስለ አቧራው አንከራከርም። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለን፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በአንድ ክረምት፥ እናታችን ገበያ በሄዱ ቁጥር አባታችን ወደ ሥራቸው ይዘውን ይሄዱ ስለ ነበር፥ በዶሴዎች መካከል ተቀምጠን ስናስነጥስ የዋልንባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም።

ከነዚያ ቀኖች ባንዱ ጥቁር የለበሱ አንዲት ሴት መጡ። ባላቸው ዘበኛ ሆነው ኖረው ሞተዋል፤ የጡረታው አበል ወደ ሚስት እንዲዞር የአገልግሎት ዘመናቸው መረጋገጥ ነበረበት፤ ዶሴው ግን አልተገኘም። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ «የለም» ተብለው ተመልሰዋል። አባታችን ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። ማታም ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ከሄደ በኋላ ቀሩ፤ በማግሥቱም እንዲሁ አደረጉ። በሦስተኛው ቀን ዶሴው ተገኘ። ማንም አልሰረቀውም፥ አይጥም አልበላውም። የሟቹ ስም በብዙኃኑ «ኀ» የሚጻፍ ሆኖ ሳለ ሲፈለግ የነበረው በሃሌታው «ሀ» መደርደሪያ ነው። ሃሌታው የፊደል መጀመሪያ ነው፤ ብዙኃኑ ግን ከ«ተ» በኋላ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ በዚያ መዝገብ ቤት አንዱ በበሩ አጠገብ ሌላው በጓዳው ግድግዳ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ዐሥራ አምስት ርምጃ አይሞላም። ለሴትዮዋ ግን ሁለት ጊዜ ከገጠር መጥቶ ባዶ እጅ የመመለስ መንገድ ሆነባቸው።

ይህን ስናነሣ አንዳንዱ ወጣት አንባቢ «እንግዲያው ሦስት ሀ ምን ያደርግልናል?» ይለን ይሆናል። ክርክሩ የቆየ ነው። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ይቀነሱ የሚሉና አይነኩ የሚሉ ሰዎች ሲሟገቱ ኖረዋል፤ እኛም በዚህ ዳኛ ለመሆን አንነሣም። በግዕዝ ግን የፊደሉ ልዩነት የትርጉም ልዩነት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ በራ ማለት ሲሆን፥ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ። ኅሩይ የሚባል ሰው «የተመረጠ» መሆኑ የሚታወቀው በብዙኃኑ ኅ ሲጻፍ ነው። አባታችን ግን ወደዚህ ሁሉ ምርምር አይገቡም። «ፊደሉ የሚቀነስ ከሆነ ይቀነስ፤ እስኪቀነስ ድረስ ግን የሰው ስም ባለበት ቦታ ይፈለግ» ነው የሚሉት።

ይህን ጠባይ ያገኙት ከአባታቸው ነው። አያታችን የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው ያቋረጡ፥ በኋላም በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ባለጉዳይ መጥቶ ስሙን ሲነግራቸው ትርጉሙን ሳይጠይቁ አይጽፉም ነበር ይባላል። መቼም ያገራችን ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። ማስረሻ የተባለው ሰው ከኀዘን በኋላ የተወለደ ነው፤ ልጇን ስንታየሁ ያለች እናት ብዙ መከራ አይታለች፤ ምትኩም የሌላ ሰው ቦታ ይዟል። ስለዚህ ባለጉዳዩ ስለ ስሙ ሲጠየቅ ስለ እናቱ ይናገራል፤ ስለ እናቱ ሲናገርም ስለ መሬቱ ሙግት ሊናገር ካሰበው የበለጠ ይናገራል። አያታችን በዚህ ምክንያት በቀን ከሦስትና ከአራት ማመልከቻ በላይ ሳይጽፉ ኖረው ድኻ ሆነው ሞቱ። አባታችን ይህን የሚተርኩት በኩራት ነው። እናታችን ግን ይኸው ታሪክ በተነሣ ቁጥር ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም ትርጉም አለው።

በቤታችን ስለ አንድ ፊደል ጥርጥር የተነሣ እንደ ሆነ ዳኛው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። የአባታችን ቅጅ ሽፋኑ አልቆ በላስቲክ ተጠቅልሏል። እኚህ ሊቅ የራሳቸውን መጽሐፍ ከማሳተማቸው በፊት የሌላ ሰው ዐደራ ተሸክመው እንደ ነበር ወጣቶች ሁሉ ያውቁ እንደ ሆነ እንጠራጠራለን። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይጨርሱት ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ብዙ ዘመን ደክመውበት፥ እርሳቸውም መጽሐፉ ሳይታተም ስላለፉ፥ ዐደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለሕትመት አበቁት። ሦስቱን ያገናኛቸው የሥጋ ዝምድና አልነበረም። ባገራችን ግን ተማሪ የመምህሩ ልጅ ነው፤ ልጅ ሆኖ የተረከበውም የተጠናቀቀ ሥራ ሳይሆን ጎዶሎውን ነበር። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ወደ ጋዜጣ ከመምጣታችን በፊት ጥቂት ወራት በአንድ መሥሪያ ቤት የቆዩ ዶሴዎችን ወደ ኮምፒዩተር በማስገባት ሥራ ላይ ነበርን። አቧራው ቀርቷል፥ መሰላሉም ቀርቷል፤ ስም ሲጻፍ ዶሴው ከመስተዋቱ ላይ ብቅ ይላል። በዚህ ፍጥነት እንኮራ ነበር። በቀን ስንት ባለጉዳይ እንዳስተናገድን የምንቆጥርበት ትንሽ ደብተር ሳይቀር ነበረን።

አንድ ቀን ከሩቅ ገጠር የመጡ፥ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ ሽማግሌ ከመስኮታችን ቀረቡ። የፈለጉት የአገልግሎት ማስረጃ ነው። ስማቸውን ጠየቅን፥ ጻፍን፤ ኮምፒዩተሩ ምንም አላገኘም። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር። «የለም፥ አባቴ» አልናቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። በደብተራችን ላይ አንድ ጭረት ጨመርን።

ማታ እራት ቀርቦ ሳለ የዕለት ውሏችንን ስንዘረዝር የሽማግሌውንም ነገር በመካከል አነሣነው። አባታችን የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት።

«ስማቸው ማን ነው?» አሉ።

ነገርናቸው።

«በየትኛው ሀ ፈለግኸው?»

መልስ አልነበረንም። በየትኛው ሀ እንደ ፈለግን እንኳ አላስተዋልንም ነበር፤ ለጣታችን የቀረበውን ነክተናል። ለጆሯችን ሦስቱ ሀዎች አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የኛን ፊደል ሲቀበል ለሃሌታው፥ ለሐመሩና ለብዙኃኑ ለየብቻቸው ቁጥር ሰጥቷቸዋል። አንዱ ሲፈለግ ሌላውንም አብሮ እንዲያይ አስቀድሞ የታዘዘ ኮምፒዩተር ያያል፤ ያልታዘዘው ግን በሃሌታው የጻፉለትን በሃሌታው ብቻ ፈልጎ «የለም» ይላል። የኛው ያልታዘዘ ነበር። ዐሥራ አምስቱ ርምጃ ጠፍቶ አንዲት ቁጥር በምትኩ ገብታለች እንጂ ጥፋቱ ያው የጥንቱ ነው።

በማግሥቱ ማልደን ገብተን በብዙኃኑ ፈለግን። ዶሴው ወዲያው ወጣ። ከብዙ ዓመት በፊት የማናውቀው አንድ ጸሐፊ ስማቸውን በትክክል ጽፎት ኖሯል። ሽማግሌው ግን ሄደዋል፤ የስልክ ቁጥር አልጠየቅናቸውም። በዶሴው ውስጥ ያገኘነው የወረዳቸውን ስም ነበርና ወደዚያ ደውለን መልእክት እንዲደርስላቸው ለመንን።

ያን ዕለት ማታ ለአባታችን ይህን ስንነግራቸው እንደሚቆጡን ጠብቀን ነበር፤ አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔም አንድ ሰው መልሻለሁ» አሉን። ሥራ በጀመሩበት ዓመት ነው። አንድ አሮጌ ወታደር ዶሴያቸውን ፈልገው ሲመጡ መደርደሪያውን ባንድ ዐይን አይተው «የለም» ብለው ሰደዷቸው። ከስምንት ወር በኋላ ቤቱ ሲጠረግ ዶሴው ከሌላ ፊደል መካከል ተገኘ። ሁለት ጊዜ ወደ ወረዳቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። «ያች ጥቁር የለበሱ ሴት በመጡ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግሁት ባላቸውን ብቻ አይመስለኝም» አሉ።

እውነቱን እንናገርና ጥቂት ተቀየምን። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው የተገኘውን ዶሴ ታሪክ ነው፤ ያልተገኘውን ሰው ታሪክ ማንም አልነገረንም። አባቶች እንዲህ ናቸው፤ ከሕይወታቸው የሚያምረውን ክፍል መርጠው ለልጅ ያቀርባሉ፥ ያን ያህል ዋጋ ያስከፈላቸውን ግን ደብቀው ይይዛሉ። እኛም «አባታችን ጥንቁቅ ሰው ናቸው» እያልን አደግን እንጂ ጥንቃቄው ከምን እንደ ተገዛ አላወቅንም። ቀደም ብለን ብናውቀው ኖሮ ያን ጠዋት ጣታችን ይዘገይ ነበር ብለን እናስባለን። በርግጥ ይህም የልጅ ማመካኛ ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌው በአምስተኛው ሳምንት መጡ። ማስረጃቸው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተሰጣቸው። ስንጫወት ለመጀመሪያው መንገድ ገንዘብ ተበድረው እንደ ነበር፥ ለሁለተኛው ግን አንዲት ጊደር እንደ ሸጡ ነገሩን፤ የነገሩንም በወቀሳ ሳይሆን የዝናሙን ነገር ሲያወሩ በመካከል ነው። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ለምን እንደምንጠይቅ አልገባቸውም። ስለ ሦስቱ ሀ ልናስረዳቸው ሞከርን። እርሳቸው ግን ማንበብ አልተማሩም። «እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉን። ከደመወዛችን ጥቂት ብር በእጃቸው ልናደርግ ብንዘረጋ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። የመሥሪያ ቤት ሰው ለባለጉዳይ ገንዘብ ሲሰጥ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፤ ወጥመድ መሰላቸው። ማስረጃውን በፌስታል ጠቅልለው ሄዱ።

በአገራችን ልማድ ልጅ የአባቱን ስም ያስከትላል እንጂ ከትውልድ ትውልድ የሚወርድ የቤተ ዘመድ ስም የለውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ቢያዝለትም ልማዱ ሕጉን አሸንፎ ኖሯል። ስለዚህ በመታወቂያችን ላይ ሦስት ስም አለ፤ የራሳችን፥ የአባታችንና የአያታችን። እኛ ልጅ የወለድን ቀን ማመልከቻ ጸሐፊው ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ታላቅ እኅታችን የሰባት ዓመት ልጅ አላት፤ በርሷ ስም ውስጥማ የአባቷና የአባቷ አባት ስም ስለ ገባ፥ አሳድገው ፊደል ያስቆጠሯት የእናቷ አባት እንኳ የሉበትም። የርሳቸው ነገር ወደ ልጅቱ የሚደርስ ከሆነ የሚደርሰው በሌላ በር ነው።

ባለፈው እሑድ ይህች ልጅ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጠን ነበር። አባታችን በማዕዘኑ ወንበራቸው ላይ ራዲዮ ያዳምጣሉ። ልጅቱ እርሳሷን ነክሳ ጥቂት ካሰበች በኋላ «አጎቴ፥ ሀ ለምን ሦስት ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ስለ ጃንጥላውና ስለ አያታችን ልንጀምርላት አፋችንን ከከፈትን በኋላ ሐሳባችንን ለወጥን። ስለ መስኮቱ፥ ስለ ሽማግሌው፥ በደብተራችን ላይ ስለ ጨመርነው ጭረትና ስለ ተሸጠችው ጊደር አንድ ሳናስቀር ነገርናት። እስከ መጨረሻው ሰማችን።

«ታዲያ ጊደሯን ገዝተህ መለስህላቸው?» አለችን።

አባታችን የራዲዮኑን ድምፅ ዝቅ አደረጉ።