አሮጌው ራውተር ለክፉ ቀን

በወላይታ ሶዶ ገበያ ከዋጋ ክርክር ቀጥሎ አዘውትሮ የሚሰማው ቃል «ኔትወርክ የለም» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። ቅቤ ከየወረዳው አሰባስቦ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ሳያይ መኪናውን አያስነሣም። የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ያለው ሰው ደንበኛውን «ከሰዓት ብቅ በል» ብሎ ይሸኛል። የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛም ክፍያ መድረሱን የሚያይበት ኮምፒዩተር ፈዝዞ ሲቀር እንግዳውን ሻንጣው እንደተሸከመ ያቆመዋል።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ለአብዛኛው ነጋዴ የደብዳቤ መላላኪያና የዜና ማንበቢያ ከመሆን አላለፈም ነበር። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን ካስከተለ ወዲህ ግን መስመር ሲጠፋ ሽያጭ አብሮ ይቆማል። የነዳጅ ግዢ ሳይቀር ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም ተደርጓል። ሶዶ ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። መሥሪያ ቤት በበዛበት ከተማ ሰነድ የሚልከው፣ ግብር የሚያስታውቀውና ጨረታ የሚከታተለው ሰውም ይበዛል።

መፍትሔው ሁለተኛ መስመር በተጠባባቂነት መያዝ ነው። ችግሩ የዕቃው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ይህንኑ ተከትሏል። በመሆኑም በየሱቁ መሳቢያ አቧራ የሚቅመው አሮጌ ራውተር ዳግም ሊታይ ይገባዋል።

ሳጥኑ የትኛው ነው?

ብዙ ሰው ሞደምንና ራውተርን አንድ አድርጎ ይጠራል። ሞደም በስልክ ሽቦም ሆነ በአየር ከውጭ የሚመጣውን መስመር የሚቀበል መሣሪያ ነው። ራውተር ያንን አንድ መስመር በቤቱ ላሉ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ያከፋፍላል። ለደንበኞች የሚሰጡት ሳጥኖች አብዛኞቹ ሁለቱንም ሥራ በአንድነት ስለሚሠሩ ስሙ ቢምታታ አይገርምም። አሮጌውን ራውተር «እንደ ሞደም» እንጠቀምበት ሲባል፣ የማከፋፈሉን ሥራ ለዋናው ራውተር ትቶ እርሱ ሁለተኛውን መስመር አምጥቶ እንዲያቀብል ማድረግ ማለት ነው።

እንግዲህ ሳጥኑን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። የሲም ካርድ ማስገቢያ ካለው ነገሩ ቀላል ነው፤ ሲም ገብቶ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ተሞልቶ፣ በኬብል ከዋናው ራውተር ጋር ይገናኛል።

ከኬብል መሰኪያው የሚጠብ የስልክ ሽቦ መሰኪያ ያለው ከሆነ ኤዲኤስኤል የሚባለው፣ በመዳብ ሽቦ ዘመን የተሰጠው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የመዳብ መስመሮችን በፋይበር እየተካ በመምጣቱ በብዙ ቤት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ይኸኛው ዓይነት ነው። የመዳብ መስመሩ ገና ካልተነሣ በዝግታም ቢሆን ያገለግላል። ከተነሣ ግን ሳጥኑ ሲም ስለማይቀበል ብቻውን ዋጋ የለውም። አንዳንዱ የዩኤስቢ መሰኪያ አለው፤ ባለ ሲም ዶንግል ይቀበላል ብሎ ከመደምደም በፊት ግን መመሪያውን ማየት ይሻላል፤ ለፍላሽና ለማተሚያ ብቻ የተሠራም ሞልቷል።

ሦስተኛው ሲምም የስልክ ሽቦም የማይቀበል ተራ የዋይፋይ ራውተር ነው። ይህን ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ ስሕተት ነው። በቅንብር ገጹ ላይ የሌላ ዋይፋይ ተቀባይ እንዲሆን የሚያደርግ ምርጫ ካለው፣ የስልክ ሆትስፖት በአየር ተቀብሎ በኬብል ያወጣል። እንደ ቲፒሊንክ ባሉ ርካሽ ራውተሮች በብዙዎቹ ላይ ይህ ምርጫ ይገኛል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለትንሽ ሱቅ ከሁሉም የሚረክሰው መንገድ ይኸው ነው። አንድ እንከን ግን አለው፤ ባለቤቱ ስልኩን ይዞ ምሳ ከሄደ ተጠባባቂው መስመርም አብሮት ምሳ ይሄዳል። ስለዚህ ከሱቅ የማይወጣ አንድ አሮጌ ስማርት ስልክ መመደብ ያስፈልጋል።

ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ባለ ሲም ራውተር ሲሆን ሦስት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ ለላከበት አገር ኩባንያ የተቆለፈ ከሆነ የእኛን ሲም አይቀበልም። ሁለተኛ፣ የሚሠራበት የሞገድ ክልል ከዚህ አገሩ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ከሌለና ለአሜሪካው 110 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ሶዶ ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል።

አገጣጠሙ

ኬብሉን በእጅ እየነቀሉ መቀየር ለማይከብደው ሰው ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። ዋናው መስመር ሲጠፋ የኮምፒዩተሩን ኬብል ከአሮጌው ራውተር ላይ መሰካት ነው። ቅያሬው በራሱ እንዲሆን ከተፈለገ ግን መሐል ላይ ሁለት የውጭ መስመር የሚቀበል ራውተር መኖር አለበት። ማይክሮቲክ በዚህ የታወቀ ነው፤ ቲፒሊንክም ባለ ሁለት መግቢያ ራውተሮች ይሠራል። የፋይበሩ ሳጥን በአንደኛው መግቢያ፣ አሮጌው ራውተር በሁለተኛው ይሰካል፤ የሱቁ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ከመሐለኛው ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ሳጥኖች በፋብሪካ የተሰጣቸው አድራሻ አንድ ዓይነት፣ ለምሳሌ 192.168.1.1 ከሆነ መሐለኛው ራውተር ግራ ይጋባል። የአሮጌውን ወደ 192.168.5.1 ዓይነት መለወጥ ይበቃል። አድራሻ የማደል ሥራውን ግን መዝጋት አይገባም፤ መሐለኛው ራውተር አድራሻውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። የአሮጌው ዋይፋይ ስሙን ለሁሉ የሚያሳይ ከሆነም መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ የሠራተኛው ስልክ እየተሳበ ገብቶ ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ጥቅል በቪዲዮ ይጨርሰዋል። የደኅንነት ካሜራውን ከቤቱ ሆኖ የሚያይ ባለሱቅ ደግሞ በተጠባባቂው መስመር ሥዕሉ ላይመጣለት እንደሚችል ይወቅ። ክፍያ፣ ኢሜልና ድረ ገጽ ግን ይሠራሉ።

አረንጓዴው መብራት ሲዋሽ

የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። መስመር ሲጠፋ አብዛኛው ሰው የሚያየው የራውተሩን መብራት ነው። መብራቱ ግን የሚመሰክረው ኬብሉ በቀጣዩ ሳጥን ላይ መሰካቱን ብቻ ነው። ፋይበሩ ከሶዶ ውጭ በመንገድ ቁፋሮ ቢበጠስ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሳጥን በራውተሩ ላይ አረንጓዴውን እንዳበራ ይውላል። ቅያሬውን በመብራቱ ላይ የመሠረተ ባለሱቅ ተጠባባቂ መስመር ይዞ ቀኑን ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይቀመጣል።

ስለዚህ መሐለኛው ራውተር በየጥቂት ሴኮንዱ ከአገር ውጭ ያለ አንድ አድራሻ «አለህ ወይ?» እያለ እንዲጠይቅ ይደረጋል። 8.8.8.8 የሚለው የጉግል አድራሻ ለዚህ የተለመደ ነው። አንድ ጥያቄ መልስ ስላጣ ብቻ መቀየር አይገባም፤ በተከታታይ አምስት ያህል ሲያልፉ ነው መስመሩ ሞቷል የሚባለው። የሚጠየቁት አድራሻዎች ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል። ዋናው መስመር ሲመለስም ወዲያው መሮጥ የለበትም። የተበጠሰ ፋይበር በሚጠገንበት ሰዓት መስመሩ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል፤ ራውተሩ በየደቂቃው ወዲያና ወዲህ ሲል የባንኩ ገጽ በመጣ ቁጥር ይዘጋል። ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ።

ቅያሬው በሚሆንበት ቅጽበት ተከፍቶ የነበረው ገጽ ሊቋረጥ እንደሚችልም ሠራተኛው መንገር ያስፈልገዋል። ክፍያ መሐል ላይ ከተቋረጠ «ክፈል» የሚለውን ዳግም ከመጫን በፊት ሒሳቡን ከፍቶ ማየት ግድ ነው፤ ትእዛዙ አልፎ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። ሁለቴ የተከፈለ ገንዘብ ማስመለስ አንድ ቀን ኢንተርኔት ከማጣት የባሰ ጣጣ አለው።

ሁለቱ መስመሮች በእርግጥ ሁለት ናቸው?

የአንዱ ድርጅት ፋይበርና የዚያው ድርጅት ሲም ከሱቁ እስከ ማማው ድረስ መንገዳቸው ይለያያል። ደጃፍ ላይ በቁፋሮ ለሚበጠስ ሽቦ ይህ ይበቃል። ከከተማው በኋላ ግን ሁለቱም በአንድ ግንድ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ግንዱ ሲበጠስ አብረው ይሞታሉ። የሌላ ድርጅት ሲም ለዚህ ይሻላል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በአገሪቱ ምርጫው ሁለት ሆኗል። ሁለቱ ድርጅቶች መሠረተ ልማት ለመጋራት የተዋዋሉ በመሆናቸው ፍጹም የተለያዩ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። በሶዶም ሆነ በቦዲቲ ወይም በአረካ ያለ ነጋዴ ሲሙን በስልኩ አስገብቶ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይሞክረው። ባዶ ከተማ ላይ በሌሊት የሚፈጥን ሲም ገበያው ሲሞላ ሊያነክስ ይችላል።

መንግሥት መስመሩን ሲዘጋው ይህ ሁሉ አይረዳም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ሁለተኛ ሲም ያለውም የሌለውም እኩል ነበር።

መብራት

በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ጊቤ ሦስት ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። በግድቡ አጠገብ የሚኖር ነጋዴ ግን አሁንም ሻማ ይገዛል። መብራት ሲሄድ ሦስቱም ሳጥኖች አብረው ይጠፋሉ፤ ማማው በባትሪው ቢሠራም ሱቁ ውስጥ የሚቀበለው የለም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሦስቱ ሳጥኖች በአንድነት 25 ዋት ያህል ቢወስዱ፣ 12 ቮልት የሆነ የ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በጠቅላላው 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ካወረዱት ቶሎ ስለሚሞት የሚሠራበት 42 ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የ18 አምፔር ሰዓቱ አራት ሰዓት ያህል ያደርሳል። ባትሪውን በቀጥታ በሽቦ ማገናኘት አይገባም፤ ሲሞላ ቮልቱ ከ12 በላይ ስለሚወጣ ራውተሩን ሊጎዳው ይችላል። ለራውተር የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ወይም ቮልት የሚያስተካክል ዕቃ መሐል ይግባ። ሁሉም ራውተር 12 ቮልት አለመሆኑንም ማስታወስ ነው፤ 9 እና 5 ቮልት የሚወስድም አለ፤ ከሥሩ ተጽፏል።

ያገለገለ ሳጥን ከገበያ የተገዛ ከሆነ በትንሿ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለስ፤ የመግቢያ ቃሉም ይለወጥ። ከውጭ በኢንተርኔት የመቆጣጠሪያ በሩም ይዘጋ፤ አምራቹ ማሻሻያ የማይልክለት አሮጌ ሳጥን ለሌባ የተከፈተ መስኮት ነው።

ይህ ሁሉ ለማን ያዋጣል? በወር አምስት ሰዓት መስመር የሚያጣና በሰዓት 600 ብር ትርፍ የሚያልፈው ሱቅ ቢኖር፣ በወር 3,000 ብር ይጎዳል ማለት ነው። ባለ ሁለት መግቢያው ራውተርና ባትሪው በጥቂት ወር ከዚህ ሒሳብ የሚመለሱ ከሆነ ይግዛ። የሻይ ቤት ባለቤት ግን ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ባለሙያ ነኝ ባይ ዕቃ እንዲሸጥለት አይፍቀድ።

የገጠመ ሰው ደግሞ ገበያ በሌለበት ቀን ይሞክረው። የራውተሩን ኬብል ሳይነካ፣ የፋይበሩን ቀጭን መስመር ከግድግዳው ሳጥን ይንቀልና ሰዓት ይያዝ፤ ኮምፒዩተሩ በስንት ሴኮንድ እንደተመለሰ ይመዝግብ። መልሶ ይሰካና ወደ ዋናው ለመመለስ የፈጀውን ይጻፍ። ቀጥሎ ቆጣሪውን ያጥፋ። የጥቅሉ ማብቂያ ቀንና የራውተሩ የመግቢያ ቃልም በወረቀት ተጽፈው ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጡ፤ መስመር የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ለለቅሶ ገጠር በወረደበት ቀን ነው።