ከቆቃ እስከ ሻላ፦ ስለ ውሃው የሚወራውና እውነታው

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆና በመቂ አድርጎ ወደ ላንጋኖ ለሚወርድ ሰው ጉዞው ሁሉ ውሃ ለውሃ ነው። ቆቃ አለ፣ ዝዋይ አለ፣ ቀጥሎ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ይመጣሉ። ልጆች ዓሣ በገመድ ሰክተው መንገድ ዳር ቆመው ይሸጣሉ፤ ዝዋይ ዳር ባለችው በባቱ ከተማ ወደብ ጀልባ ነጂዎች ደሴት እንውሰዳችሁ ይላሉ። ውሃውን የሚያውቁትም የማያውቁትም ስለ ውሃው ብዙ ያወራሉ።

አንዳንዱ ወሬ ጉዳት የለውም። ሻላ መጨረሻ የለውም ይባላል፤ መጨረሻ ግን አለው፤ 266 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ይህም ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥልቁ ያደርገዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ምንም አይጎዳም። ሰው የሚገድለውና ዓሣ የሚጨርሰው ጥፋቱን ሁሉ በውሃው ላይ የሚያላክከው ወሬ ነው። እዚህ የማነሳው እሱን ነው።

«ሐይቁ በየዓመቱ ግብሩን ይበላል»

በቢሾፍቱ፣ በባቱም፣ በሐዋሳም ይባላል። ሰው በሰመጠ ቁጥር ለቅሶ ላይ ይነሳል፤ ሐዘንተኛን ያጽናና ይሆናል። ነገር ግን ያ ሞት ሊቀር ይችል እንደነበር ይሸፍናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ቤት ድንኳን ይጣላል።

የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ እስከ 87 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ዳርቻውም ቀስ እያለ የሚወርድ አይደለም። ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ዋና የማያውቅ ልጅ ጥቂት እርምጃ ቢጨምር እግሩ መሬት ያጣል። የሚያሰምጠው የዳርቻው ቁልቁለት ነው።

ዝዋይ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ቢደርስ ነው። ስለዚህ ጎብኚው «ጥልቅ አይደለም» ብሎ ላይፍ ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ይቀመጣል። ለመስጠም ግን ከቁመት ያለፈ ውሃ ይበቃል። ደግሞም እንዲህ ሰፊና ስስ የሆነ ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን በቀላሉ ያናውጣል። ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ቱሉ ጉዶ ወይም ሌላ ደሴት መሄድ የፈለገ ሰው በማለዳ ይነሳ፤ ሲመለስም አይዘግይ፤ ላይፍ ጃኬቱንም ለብሶ አጥብቆ ይሰር።

ደሴቶቹ ላይ ለዘመናት የኖሩት ዛዮች ከሐይቅ ዳር ተክል አስረው የሚሠሩት ታንኳ ኋላ ቀር ነው እየተባለ ይናቃል። ታንኳው ግን ውሃ ቢገባበትም አይሰጥም፤ የተሠራበት ነገር ራሱ ተንሳፋፊ ነውና። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ሲውል ሲያድር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ መድረቅና መታደስ ይፈልጋል። የፋይበርግላስ ጀልባ ግን በውስጡ አየር የያዘ ክፍል ካልተሠራለት ውሃ ሲሞላው ወደ ታች ይወርዳል። ሞተር ያለው ሁሉ የተሻለ መስሎን ብዙ ሰው ጭነን መሄዳችን ያሳስበኛል።

«ጉማሬ ሣር በላ ነው፣ ሰው አይነካም»

ሣር በላ መሆኑ እውነት ነው። ሰው የሚገድለው ግን ሊበላው ብሎ አይደለም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሲነጋ ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው መንገዱን ዘግቶበታል። ያን ጊዜ በየብስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ይህ ከብዙዎቻችን ሩጫ ይበልጣል። ውሃ ውስጥ ደግሞ እንደሚመስለን አይዋኝም፤ ወለሉን እየረገጠ ይሄዳል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን መያዝ ይችላል። ዝዋይ ስስ ነው ያልነው እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፦ ከጀልባው ሥር ያለው ወለል ለጉማሬ መሄጃ ነው። ቆቃም ጉማሬ አለው፤ በአዋሽ ደግሞ አዞም ይጨመራል፤ ሶደሬ ለፍልውሃ የሄደ ሰው ወንዙ ዳር ልጆቹን ዝም ብሎ ሊለቃቸው አይገባም።

«ዓሣ አያልቅም፣ ሺህ እየወለደ»

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ዓሣ የምንበላ ሁሉ ስለምንናገረው።

እንቁላሉ የሚበዛ ዓሣ መኖሩ እውነት ነው። ከውጭ መጥቶ በሐይቆቻችን የተስፋፋው ካርፕ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል በሣርና በቅጠል ላይ በትኖ ይሄዳል። ገበታችን ላይ የምንወደው ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ግን እንዲህ አይደለም። ወንዱ ዳር ላይ፣ ስስ ውሃ ውስጥ፣ አሸዋውን ቆፍሮ ጎድጓዳ ያዘጋጃል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ቁጥሩ እንደ ሰውነቷ መጠን ከጥቂት መቶ እስከ ሺህና ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ አፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም አፏ ውስጥ ይቆያሉ። ሁለት ሳምንት በሚጠጋው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሴቷ ከነጭራሹ አትበላም ማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አንዳች ነገር ሲያስፈራቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

እንግዲህ መረቡ የሚጣለው የት ነው? ዳር ላይ፣ ስስ ውሃ ውስጥ፣ ጎጆው ባለበት። ዳርን የሚጠርግ መረብ የወንዱን ጎድጓዳ ያፈርሳል፤ እናቲቱን ሲይዝ አፏ ውስጥ ያለውን ትውልድ አብሮ ይይዛል። የመረቡ ዓይን ከጠበበ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደው ሁሉ ይወጣል። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዋጋው ሲጨምር የመረቡ ዓይን ይጠባል። መንገድ ዳር የምናየው መዳፍ የማይሞላ ቆሮሶ ገና ልጅ ነው፤ ስንገዛው ደግሞ የጠበበውን መረብ ገዛን ማለት ነው። በዝዋይ የቆሮሶው ድርሻ እየቀነሰ፣ የካርፑና የአምባዛው እየጨመረ መጥቷል። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት፤ ባቱ ውስጥም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። እውቀቱም ሕጉም አለ፤ ወደቡ ላይ የመረቡን ዓይን የሚለካ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ዓሣ እንደሚያልቅ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው አቢጃታን ይይ። አቢጃታ ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነው። ከላይ ውሃው ለመስኖ እየተሳበ፣ ከሐይቁ ራሱም ለሶዳ አሽ ምርት እየተቀዳ፣ አቢጃታ ሸሸ፤ የቀረው ውሃ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴት የሚፈለፈሉት ነጭ ፔሊካኖች ለልጆቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ከጎረቤቱ አቢጃታ ነበር፤ ሻላ ሶዳው ስለበዛበት ዓሣ አይበረክትበትም። አቢጃታ ዓሣ ሲያጣ ወፎቹ ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። አዳማ ገበያ ላይ የምንገዛው ቲማቲምና ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚመጣ ነውና ይህ ውሃ የእኛም ሒሳብ አለበት።

«ሎሚና ሚጥሚጣ ጥሬ ዓሣን ያበስለዋል»

ሎሚ ሥጋውን ነጭ ያደርገዋል፣ ያጠነክረዋልም፤ ስለዚህ የበሰለ ይመስላል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ላይ የሚገኙትን ጥገኛ ትሎች ግን ሎሚም፣ ሚጥሚጣም፣ ከላይ የሚጠጣው አረቄም አይገድላቸውም። የሚገድላቸው እሳት ነው፤ ወይም ዓሣውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሰባት ቀን ማቆየት። የቤት ፍሪጅ የበረዶ ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ጥብሱም፣ ጉላሹም፣ ሾርባውም ስላለ በዚህ የሚቀር ጣዕም የለም።

«ውሃው ከጠራ ንጹህ ነው፣ ከፈላ ደግሞ ጨርሶ አይጎዳም»

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ አዲስ እንግዳ ለመግባት ይጠራጠራል። ቀለሙ ከደቃቅ አፈር የመጣ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው። በአንጻሩ በዝዋይ ዳርቻ፣ በወንጂም የሸንኮራ አገዳ መስኖ ቦዮች ቢልሃርዚያ ሲገኝ ኖሯል፤ ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት ዝግ ያለና ሣር ያለበት ውሃ ነው። በጠራ ቦይ ውስጥ እግሩን የነከረ ልጅ ምንም ሳያይ ሊያዝ ይችላል።

ቆቃ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ግድብ የያዘው ውሃ የሞጆ ወንዝን ይቀበላል፤ ወንዙም የከተማውንና የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ይመጣል። በእንዲህ ዓይነት ማዳበሪያ የጠገበ ውሃ ላይ አረንጓዴ ደቃቅ አልጌ ይንሳፈፋል፤ የሚያመነጨውም መርዝ ጉበትን ይጎዳል። የአካባቢው እናቶች ውሃውን አፍልተው ያጠጣሉ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ይህን መርዝ ግን አያጠፋውም። አረንጓዴ ሽፋን ከታየበት ቦታ ውሃ መቅዳትም፣ ከብት ማጠጣትም፣ መዋኘትም አይገባም። ከዚያ የተያዘ ዓሣም ሆድ ዕቃውና ጉበቱ በደንብ ወጥቶ ይጣል።

ወደ ቢልሃርዚያ ስንመለስ፣ ዝዋይ ወይም ወንጂ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው በማግስቱ ሮጦ ቢመረመር የቢልሃርዚያ እንቁላል አይገኝበትም፤ ትሉ አድጎ እንቁላል ለመጣል ሳምንታት ይፈጅበታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የት ውሃ እንደገባ ይናገርና የሰገራ ምርመራ ይጠይቅ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በሚዋጥ እንክብል ይሰጣል።