በቆዳችን ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ወገባችንን ያሳምማልን?

ይህን ጽሑፍ ስታነቡ በፊታችሁ፣ በትከሻችሁና በጀርባችሁ ቆዳ ላይ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የሚባል ባክቴሪያ አብሯችሁ አለ። የቱንም ያህል ብትታጠቡ ጨርሶ አይለቃችሁም፤ የሚኖረው በፀጉር መብቀያ ቀዳዳዎች ውስጥ፣ ከቆዳችን የሚመነጨውን ቅባት እየተመገበ ነውና። አብዛኞቻችን ስሙን የምንሰማው፣ ያውም ከሰማን፣ ከብጉር ጋር በተያያዘ ነው።

ታዲያ ከወገብ ሕመም ጋር ምን አገናኘው? ለዲስክ መንሸራተት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች በተወሰደ ናሙና ውስጥ ተመራማሪዎች ደጋግመው አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በዴንማርክ የተካሄደ ጥናት ይፋ ሆነ። ከዲስክ መንሸራተት በኋላ ወገባቸውን ከስድስት ወር በላይ ያመማቸው 162 ሰዎች ተካፍለውበታል። ለ100 ቀናት አንቲባዮቲክ የወሰዱት፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ በዓመቱ በእጅጉ ተሽሏቸው ተገኙ። ዜናው በብዙ አገር ተወራ። ለዓመታት ወገቡን ይዞ ለሚያቃስት ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ምን ያህል እንደሚያጓጓ መገመት አያዳግትም።

ጥርጣሬ ግን ነበረ። የሐኪሙ ምላጭ ዲስኩ ጋ የሚደርሰው ቆዳን ሰንጥቆ ነው፤ ባክቴሪያው በዚያው መንገድ ከናሙናው ጋር ተነካክቶ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ የኖርዌይ ጥናት 180 ተመሳሳይ ሕመምተኞችን ይዞ አሞክሳሲሊንን ለሦስት ወር ሞከረ። በዚህኛው መድኃኒቱ ለታማሚው የሚረባ ለውጥ አላመጣም። ክርክሩ ፈጽሞ ባይዘጋም፣ እኔ ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል ባይ ነኝ።

እንዲህ ሲባል ባክቴሪያው ምንጊዜም ገራም ነው ማለት አይደለም። ሰው ሠራሽ የትከሻ መገጣጠሚያ በተተከለላቸው ሰዎች ላይ፣ ከተተከለው ብረት ጋር ተጣብቆ ኢንፌክሽን ከሚያስከትሉት ዋነኞቹ አንዱ እርሱ ነው። በላቦራቶሪ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ናሙናው እስከ ሁለት ሳምንት መቆየት ይኖርበታል።

እናንት ባለትዳሮች፣ አንዳችሁ «ወገቤን» ባላችሁ ቁጥር ሌላችሁ አሞክሳሲሊን ልትገዙ ወደ መድኃኒት ቤት አትሩጡ። ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ደግሞ አሞክሳሲሊን አያድነውም። እግር ከዛለ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካቃተ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።