ማንም ሳይፈልጋት የምትሞተው ቫኪታ

ስለ ቫኪታ ለሰው ማውራት ስጀምር ቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ሥጋዋ ይበላል?» የሚል ነው። ለምን እንደሚጠየቅ ይገባኛል። አንድ እንስሳ ሊጠፋ ነው ሲባል ቀንዱን፣ ጥርሱን ወይም ቆዳውን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም ብለን ስለምናስብ ነው። ቫኪታን ግን አሳድዶ የሚይዛት የለም። ሥጋዋ ገበያ የለውም፤ ቆዳዋን የጠየቀ ነጋዴም የለም። ከባሕር አጥቢ እንስሳት ሁሉ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበችው ይህች ፍጥረት የምትሞተው ለሌላ በተዘረጋ መረብ ነው።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርሰው። ወገኗ ከዶልፊንና ከዓሣ ነባሪ ነው፤ ከዚያ ወገን በቁመት ትንሿ እሷ ናት። ርዝመቷ እስከ 1.5 ሜትር፣ ክብደቷ 50 ኪሎ አካባቢ ነው። መኖሪያዋ በሜክሲኮ፣ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ብቻ ነው። የምትወልደው አንድ አንድ ነው። ዓይኗን ጥቁር ቀለበት ስለከበበው ኩል የተቀባች ሙሽራ ትመስላለች። አፏ ደግሞ የዶልፊን ያህል የሾለ አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ «የመጨረሻዎቹ ቫኪታዎች» ተብለው በስልኬ ከሚላኩልኝ ፎቶዎች ብዙዎቹ አፈ ሹል ዶልፊኖች ናቸው። ከመላክ በፊት አፏን ማየት ምን ይከብዳል?

አሁን ወደ መረቡ። ስስ የናይለን መረብ ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዓሣው ጭንቅላቱን ያስገባና ስንጥቡ ላይ ይያዛል። የቫኪታ መጠን፣ ቶቶአባ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ከሚያዝበት መረብ ጋር ይገጥማል። ቶቶአባ ራሱ 2 ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነው። ሜክሲኮ ከ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጀምሮ እንዳይያዝ ከልክላለች፤ ሆኖም ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ደርቆ ቻይና ውስጥ በውድ ስለሚሸጥ መረቡ በሌሊት ይጣላል። በዚያው ባሕር ለሽሪምፕም መረብ ይዘረጋል። ቫኪታ የምትተነፍሰው አየር ስለሆነ መረብ ከያዛት ወደ ላይ መውጣት አቅቷት ታፍና ትሞታለች። ቶቶአባ እንቁላሉን የሚጥለው የኮሎራዶ ወንዝ ከባሕሩ በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ጣና ላይ ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ የሚተሙ ዓሦችን መረብ ምን እንዳደረጋቸው የሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባሕሩን በሚያዋስኑት ሁለት የዓሣ አጥማጅ ከተሞች፣ በሳን ፌሊፔና በኤል ጎልፎ ደ ሳንታ ክላራ፣ «ቫኪታ የምትባል እንስሳ የለችም፤ ከባሕሩ ሊያስወጡን የፈጠሯት ተረት ናት» የሚል ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ከሩቅ ለሚሰማው ያስቃል፤ ወይም ያናድዳል። የእንስሳት ወዳጅ ነኝ የሚለው ሁሉ ይህን ሲሰማ «ውሸታም» ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ ከወዳጆቼ ጋር እጣላለሁ።

እስቲ ከሳይንቲስቶቹ እንጀምር። ኬኔት ኖሪስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950 ሳን ፌሊፔ አጠገብ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ የራስ ቅል አነሳ። በ1958 ከዊልያም ማክፋርላንድ ጋር ሆኖ «አዲስ ዝርያ ናት» ብሎ ሲያሳውቅ መሠረቱ የራስ ቅል ብቻ ነበር። ሙሉ አካሏን ሳይንቲስቶች በወጉ የመረመሩት በ1985 ነው፤ ያውም መረብ ውስጥ ሞተው የተገኙትን። ስም ከወጣላት በኋላ 27 ዓመት ሙሉ የዓለም ምሁራን መልኳን በወጉ አያውቁም ነበር ማለት ነው። ታዲያ ዓሣ አጥማጁ አላየኋትም ቢል ምን ይገርማል?

ደግሞም እንድትታይ አልተፈጠረችም። አየር ስትስብ ውኃውን ሳትረጭ ቀስ ብላ ትወጣና ትሰወራለች። ዶልፊን ሲዘል እንደምናየው አትዘልም። የሞተር ድምፅ ስትሰማ ትሸሻለች፤ የዓሣ አጥማጁ ጀልባ ደግሞ ሞተር ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሆና ነው የምትዋኘው። ባሕሩ ትንሽ ከተናወጠ በጥሩ መነጽርም አትገኝም።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሒሳቡ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኤል ጎልፎ ደ ሳንታ ክላራ በተደረገ ጥናት፣ የዚያች ከተማ ጀልባዎች ብቻ በዓመት 39 ያህል ቫኪታዎች በመረባቸው እንደሚሞቱባቸው ተገምቷል። እንስሳቱ በጠቅላላ በ1997 ሲቆጠሩ 567 ያህል ነበሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ለምትወልድ እንስሳ ይህ ጥፋት ነው። 39ኙን ግን ለከተማዋ ጀልባዎች ሁሉ አከፋፍሏቸው። ለእያንዳንዱ አጥማጅ በብዙ ዓመት አንዴ የሚገጥም ነገር ይሆናል፤ ብዙዎቹም ለዓመታት አንድም ሳይገጥማቸው ይቆያሉ። እንግዲህ «እኔ አንድም አልገደልኩም» የሚለው አጥማጅ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ «መረባችሁ እየጨረሳት ነው» የሚለው ተመራማሪም እውነቱን ነው። ሁለቱም እውነት ይዘው ነው የሚጣሉት። አሁን ቁጥሯ ከእጅ ጣት ሲወርድ ደግሞ መረብ ውስጥ የማግኘት ዕድሉ ይበልጥ ስለሚቀንስ ወጣቱ ትውልድ «ተረት» ቢላት አልፈርድበትም።

አጥማጆቹ የሚያነሱት ሌላ ነገርም አለ፦ «ያጠፋት የኮሎራዶን ወንዝ የገደበው አሜሪካ ነው» ይላሉ። ወንዙ ዛሬ ባሕሩ ጋ እምብዛም እንደማይደርስ እውነት ነው፤ በደልታው ላይ የደረሰው ጉዳትም ከባድ ነው። መረብ ውስጥ ሞተው የተመረመሩት ቫኪታዎች ግን የተራቡ አልነበሩም።

የሜክሲኮ መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ያደረገው ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ ግማሽ ነበር። በ1993 አካባቢው ጥብቅ ክልል ሆነ። ቁጥሩ በ2008 ወደ 245 ወረደ። በ2015 ፕሬዚዳንት ኤንሪኬ ፔኛ ኒየቶ ሳን ፌሊፔ ድረስ ሄደው መረቡን ለሁለት ዓመት አገዱ፤ ካሳም ተመደበ። ካሳው አብዛኛው የተከፈለው የማጥመድ ፈቃድ ላላቸው ነበር። ጀልባ ላይ ለሌላ ሰው የሚሠራው፣ እጁ በጨው የተሰነጠቀው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ትንሽ አገኘ ወይም ምንም አላገኘም። አጠገቡ ደግሞ አንድ ኪሎ የቶቶአባ ከረጢት በሺዎች ዶላር እገዛሃለሁ የሚል ደላላ ቆሟል። እገዳው በ2017 ዘላቂ ሆነ፤ ቁጥሩ ግን በ2016 መጨረሻ 30 ያህል ደርሶ ነበር።

ቁጣው የፈነዳው በዚህ መሐል ነው። በ2017 በኤል ጎልፎ የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ተቃጠሉ። መረብ የሚለቅሙት የሲ ሼፐርድ ድርጅት መርከቦች በተደጋጋሚ ጥቃት ደረሰባቸው። በ2020 የመጨረሻ ቀን አንደኛው መርከብ ከአጥማጆች ጀልባ ጋር ተጋጨና አንድ አጥማጅ ሞተ፤ በሳን ፌሊፔም ረብሻ ተነሳ። ለአንድ እንስሳ ሲባል ሰው ሞተ የሚለው ሐዘን እስካሁን ከከተማዋ አልወጣም። ይህን የማይነግሩን የእንስሳት ፊልሞች አያስደስቱኝም።

ይዞ ማራባትስ? ተሞከረ። በ2017 መገባደጃ ሳይንቲስቶች፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያሠለጠናቸው ዶልፊኖችም ጭምር እያገዟቸው፣ ሁለት ቫኪታዎች ያዙ። የመጀመሪያዋ ግልገል ስትጨነቅ ተለቀቀች። ሁለተኛዋ፣ ለመውለድ የደረሰችው፣ ሞተች። ሥራው ወዲያው ቆመ።

«በጣም ጥቂት ስለቀሩ እርስ በርስ ተዳቅለው ማለቃቸው አይቀርም» ለሚሉት አንድ መልስ አለኝ። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ቫኪታ ለብዙ ሺህ ዓመታት በቁጥር አነስተኛ ሆና ስለኖረች ጎጂ የዘር ለውጦች ያሏት ጥቂት ናቸው። መረቡ ፈጽሞ ቢጠፋ በስሌታቸው የመጥፋት ዕድሏ 6 በመቶ ብቻ ነው። ተስፋ ለመቁረጥ የቸኮለ ሁሉ ይህን ያንብብ።

ከተሞከሩት ነገሮች ውስጥ ውጤት ያየሁበት ሲሚንቶ ነው። የሜክሲኮ ባሕር ኃይል በ2022 ቫኪታዎቹ በሚበዙበትና ማጥመድ ፈጽሞ በተከለከለበት ክልል ውስጥ መንጠቆ ያላቸው 193 የኮንክሪት ብሎኮች ባሕር ወለል ላይ ጣለ። መረብ የጣለ ሰው መረቡ ይያዝበታል፤ ክልሉ ውስጥ የሚገባው ጀልባም በጣም ቀነሰ። በ2023 በተደረገው ቅኝት ከ10 እስከ 13 ቫኪታዎች ታዩ፤ በ2024 ግን ከ6 እስከ 8 ብቻ። ደግሞም ብሎኩ ለአጥማጁ እራት አይሆንለትም። ቫኪታን የማይዘው የሽሪምፕ መጎተቻ መረብ ተሠርቷል፤ አጥማጆቹ ግን ቤንዚን ይበላል፣ የሚያመጣውም ያንሳል ብለው ያማርራሉ። ሽሪምፑን ገዝቶ የሚበላው ሰው በምን እንደተያዘ ስለማይጠይቅ ልዩነቱን የሚከፍልላቸው የለም።

የምትቆጠረውም በዓይን ብቻ አይደለም። ቫኪታ ምግቧን የምትፈልገው ሰው ሊሰማው በማይችል እጅግ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ይህን የሚቀርጹ መሣሪያዎች ለወራት ውኃ ውስጥ ይቀመጣሉ። መሣሪያዎቹን በጀልባቸው ወስደው ከሚያወርዱትና መልሰው ከሚያወጡት መካከል የሳን ፌሊፔ ዓሣ አጥማጆች ይገኙበታል፤ የባሕሩን ሞገድና የወለሉን ጠባይ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። ድምፁ ብሎኮቹ ካሉበት ክልል ውጪም ተቀርጿል፤ ሕጉ እዚያም መረብን ይከለክላል፣ የሽሪምፕ መረቦች ግን አሁንም ይጣላሉ።