ያውቁ ኖሯል? ከወንበር ሥር የምትገባው ትንሿ ሰብዉፈር

ቆመው ሲያዳምጡት ደህና የነበረው የመኪናዎ ቴፕ፣ ቱሉ ዲምቱን አልፈው የአዳማን ፈጣን መንገድ ሲይዙ ቤዙ ለምን እንደሚጠፋ ያውቁ ኖሯል? ስፒከሩ አልተበላሸም። የጎማና የሞተር ጩኸት በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው በሚኖሩበት ሠፈር ገብቶ ይውጣቸዋል። ዘፋኙና ክራሩ ግን ተርፈው ይሰማሉ። አሽከርካሪው ድምፅ ሲጨምር የሚጨመርለት ቀድሞም ያልጠፋው፣ ጆሮ የሚወጋው ክፍል ነው።

ጆሯችንም ለዚህ ተባባሪ ነው። የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ፍሌቸርና መንሰን በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ጥናት፣ ሰው ወፍራም ድምፅን የሚሰማው ከመካከለኛው ድምፅ በእጅጉ አዳክሞ መሆኑን፣ ድምፁ በተቀነሰ ቁጥርም ድክመቱ እንደሚብስ አሳይቷል። አሮጌ ቴፖች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነው። እኔም ለትንሿ ሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ለምታወጣው ስፒከር፣ የምሟገተው ከዚህ ተነስቼ ነው። ብዙ ሰው ዉፈር ሲባል ሠፈር የሚያናውጥ ሣጥን ይታየዋል። ትንሿ ግን የምትጠቅመው ድምፁን ቀንሶ ሙዚቃውን በሙሉ መስማት ለሚፈልግ ሰው ነው።

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 41 ኸርዝ ማለት ነው። የትንሽ መኪና የበር ስፒከር ደግሞ ገና 80 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ይደክማል።

ታዲያ የዋልያስ ባንዱን የመላኬ ገብሬን ቤዝ ዘመናችንን ሁሉ በትንንሽ ስፒከሮች እንዴት ሰማነው? የክሩ ድምፅ ብቻውን አይመጣም፤ 82፣ 123፣ 164 እያለ የሚሄድ አጃቢ አለው። ስፒከሩ አጃቢዎቹን ብቻ ቢያደርስም አእምሯችን በመካከላቸው ያለውን የ41 ርቀት ለክቶ ያልመጣውን ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። የበገና ድምፅም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ10ሩ ጅማቶችና በመቆሚያው መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ክሩን እያንዘረዘሩ ወፍራሙን ድምፅ በአጃቢ ያበለጽጉታል፤ ዝግ ብሎ የተደረደረ በገና ቤቱን የሚሞላው በዚህ ነው። አእምሮ ሊፈጥረው የማይችለው ግን በደረትና በወንበር ላይ የሚያርፈውን ግፊት ነው። እሱን የሚያመጣው የተገፋ አየር ብቻ ነው።

የሚገፋው አየር ብዛት ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወፈረ፣ ማለትም ኸርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ ያንኑ ጉልበት ለመጠበቅ የስፒከሩ ወረቀት 4 እጥፍ ርቆ መመላለስ አለበት። በ80 ኸርዝ 1 ሚሊሜትር የበቃው ወረቀት በ40 ኸርዝ 4፣ በ20 ኸርዝ 16 ሚሊሜትር ይጠየቃል። የበር ስፒከር ቤዝ ሲጨመርበት የሚንተፋተፈው አቅሙ የማይፈቅደውን ርቀት ስለተጠየቀ ነው።

በድምፅ መሐንዲሶች ዘንድ «የሆፍማን የብረት ሕግ» የሚባል አለ፦ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በጥቂት ዋት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ይመርጣሉ እንጂ ሦስቱንም አያገኙም። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 አየር የማያስወጣ የታሸገ ሣጥን ሠርቶ፣ ውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ወረቀቱን እንዲመልስ ሲያደርግ ሦስተኛውን መሥዋዕት አደረገ። ከወንበር ሥር የምትገባዋ ሰብዉፈርም ያንኑ ምርጫ መርጣለች። ከፍታዋ 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ነው፤ አምፕሊፋየሯ አብሯት ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ የቦታውን ዕዳ በኤሌክትሪክ ትከፍላለች። ስፒከር ከሚበላው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለወጠው ከ100 1 እጅ ገደማ ነው፤ ሌላው ሙቀት ነው። አካሏ አሉሚኒየም የሚሆነውም ሙቀቱን እንዲያስወጣላት ነውና በምንጣፍ አይሸፍኗት።

ያቺው ዉፈር ሳሎን ውስጥ ብትቀመጥ ታሳዝናለች፤ መኪና ውስጥ ግን ታስገርማለች። የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የትንሽ መኪና ውስጥ 3 ሜትር አይሞላም። ሞገዱ ተዘርግቶ የሚሄድበት ስፍራ ስለሌለው በመኪናው ውስጥ ያለው አየር በሙሉ እንደ ፓምፕ አንድ ላይ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። በዚህም ምክንያት ድምፁ በወፈረ ቁጥር መኪናው ራሱ ያግዘዋል። ለማረጋገጥ መስኮት ከፍተው ያዳምጡ፤ ቤዙ ይሳሳል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ ትንሽ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ወረቀት ያንኑ ርቀት ቢመላለስ የሚፈጥረው ድምፅ በ2 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የተሰማው ዉፈር ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ቢደክም ዕቃው ተቀይሮ አይደለም።

ካርቶኑ ላይ 1,000 ዋት ተጽፎ ካዩ ዉፈሯ ላይ ያለውን ፊውዝ ይመልከቱ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት ገደማ ነው። ፊውዙ 10 አምፔር ከሆነ 10 በ14 ሲባዛ 140 ዋት ይመጣል፤ ያለማቋረጥ ሊገባባት የሚችለው ይኸው ነው። ከገባው በላይ ሊወጣ አይችልም። ዳሽቦርድ ላይ ያለው ቴፕም «50 ዋት ሲባዛ በ4» ቢልም በእያንዳንዱ ስፒከር የሚሰጠው ንጹሕ ኃይል ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ደግ ደጉ ዕቃ በትንሽ እውነተኛ ቁጥር ስለሚሸጥ፣ ገዢ ትልቁን ቁጥር ብሎ ደካማውን ይዞ መሄዱ ነው።

ከፋብሪካ የመጣውን ቴፕ ሳይነቅሉ ዉፈር ማስገባት እንደሚቻል ብዙዎች አያውቁም። አብዛኞቹ ትንንሽ ሰብዉፈሮች ከኋላ ስፒከር ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀበሉበት መግቢያ አላቸው። በዘመናዊ ቴፖች ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ላይ 6 ቮልት ገደማ ይገኛል። ስለዚህ አንዱን «ኔጌቲቭ ነው» ብሎ ከመኪናው አካል ጋር ማገናኘት የቴፑን ሞተር፣ ማለትም የአምፕሊፋየሩን ቺፕ፣ ሊያቃጥል ይችላል። ያው 6 ቮልት ሌላ ጥቅም አለው፦ ብዙ ዉፈሮች እሱን ሲያገኙ ቴፑ መከፈቱን አውቀው ራሳቸው ይነሣሉ።

ከጃፓን የገባች ቪትዝ ያላቸው ሰዎች ሸገር 102.1ን ፈልገው ያጡበት ምክንያት የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 95 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ስለሆነ ነው። በዚህ የተነሣ ቴፕ የቀየሩ ሁሉ የአዲሱን ቴፕ ጀርባ ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ለሰብዉፈር የተዘጋጀ መውጫ አለ፣ ሥራው በግማሽ ያልቃል።

ከባትሪው በሚመጣው ሽቦ ላይ የሚገባው ፊውዝ ግን ሌላ ነው፤ የሚጠብቀው ዉፈሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ቦታውም ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ እንጂ ወንበሩ ሥር አይደለም። የእኔን የገጠመልኝ ሰው ፊውዙን ወንበሩ ሥር አኑሮ፣ ከባትሪ የሚመጣውን ቀይ ሽቦ ጎማ በሌለው የብረት ቀዳዳ አሳልፎት ነበር። ከወራት በኋላ በጠዋት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ልጆቼ ኋላ ተቀምጠው ነበር። ሽቦው ተልጦ ብረቱን መንካት ጀምሮ ኖሮ፣ ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ራስ ባላወልቀው ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም። እባክዎ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዙን በዓይንዎ ሳያዩ ከጋራዥ አይውጡ።

ወንበር ሥር ቢጫ ልባስ ያለው ሽቦ ካዩ የኤርባግ ነው፤ አይንኩት። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ብርቱካናማው ገመድ የከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ሰው ይገድላል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከከለከለች ወዲህ «ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ዉፈር አይሆንም» ሲባል እሰማለሁ። ይሆናል። እነዚህም መኪኖች ለመብራትና ለቴፕ የሚያገለግል የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ዉፈሩ የሚቀጠለው ከእሱ ነው።

ሞተሩ ሲጨምር አብሮ የሚቀጥን የትንኝ ድምፅ ከስፒከር ከወጣ ጥፋቱ በአብዛኛው የግራውንዱ ነው። ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ በብሎን ይጠበቅ።

ወንበር ሥር ያለው ቤዝ ለምን ከፊት እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል? ከ80 ኸርዝ በታች ሞገዱ ከሁለት ጆሮ ርቀት እጅግ ስለሚረዝም አቅጣጫውን መለየት ያስቸግራል። ዉፈሩ እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚጫወት የሚወስነውን «ሎው ፓስ» የሚለውን መቆጣጠሪያ ከ80 ብዙ ካሳለፉት የዘፋኙ ድምፅ ጭምር ከታችዎ መውጣት ይጀምራል። «ፌዝ» የሚለው ቁልፍም 0 እና 180 አለው፤ በሁለቱም እያዳመጡ ቤዙ የሚበዛበት ላይ ይተዉት። በተቃራኒው ከሆነ ዉፈሩ ሲገፋ የበሩ ስፒከር ይስባል፣ አንዱ የሌላውን ያጠፋል።

ቤዙ ሲያምር ድምፅ መጨመር ያምራልና የጆሮን ልክ ማወቅ ይበጃል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ እንዲሰማ ይመክራል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል።

ሁሉ ተገጥሞ አልቆ ከኋላ የሚንጫጫ ነገር ከተሰማዎ ዉፈሩን ከመውቀስዎ በፊት ሙዚቃውን ከፍተው ይውረዱና ታርጋውን በእጅዎ ይጫኑት። ጩኸቱ ከቆመ፣ ከጀርባው ስስ ጎማ ይለጥፉበት።