ስፔን ለሚማር ልጃችሁ፦ ምግብና መድኃኒት

ልጃችሁ ለትምህርት ወደ ስፔኗ ግራናዳ ከተማ የሚሄድ ከሆነ እነዚህን ቃላት አስይዙት። «ሴርዶ» አሳማ ነው። «ሐሞን» በጨው የደረቀ የአሳማ ታፋ ነው። «ማንቴካ ዴ ሴርዶ» የአሳማ ስብ ሲሆን ብስኩት ውስጥ ሳይታይ ይገባል። ሐላል ሥጋ የት እንደሚገኝ በ2003 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአልባይሲን መስጊድ ሰጋጆችን ይጠይቅ።

እዚያ ምሳ ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። የስኳር ሕመም ካለበት የመድኃኒቱን ሰዓት ከመሄዱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

የካፕሱል ሽፋን ብዙ ጊዜ ከጄላቲን ይሠራል፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማም ከከብትም ይገኛል። ስለዚህ በኪኒን መልክ እንዳለ ፋርማሲውን ይጠይቅ። ከሌለ ሐኪሙንና ዓሊሞችን ያማክር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ። ጤናም አማና ነው። ወላሁ አዕለም።