ለታመመ ልጅ ሲባል አገርን መልቀቅ ይገባልን?

ባለፈው ዓመት በክረምት መግቢያ ላይ በመሐል ሜዳ የምናውቀው አንድ አባት በርኖሱን እንደ ተከናነበ ወደ ቤታችን መጥቶ ከደጃፉ ላይ ቆመ። ግባ ብንለው፥ «መምህር፥ በቅድሚያ ይህን ያንብቡልኝ፤ ከዚያ በኋላ እቀመጣለሁ» ብሎ ስልኩን ሰጠን። በስልኩ ላይ የነበረው በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ የምትኖር እኅቱ የላከችለት፥ እንግሊዝኛና አማርኛ የተቀላቀለበት ረጅም ደብዳቤ ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ሰው ሴት ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ይዟት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ትወድቃለች። እኅቱም የጻፈችለት፥ «እኔ ባለሁበት አገር ካናቢስ ከሚባለው ተክል የሚወጣ ዘይት በሕግ ተፈቅዶ እንዲህ ላለው በሽታ ይሰጣል። ወይ ልጅቱን ይዛችሁ ኑ፤ የመሳፈሪያውን ገንዘብ እኔ አግዛለሁ። ወይም ዘይቱን በሚመጣ ሰው እልክላችኋለሁ» የሚል ነበረ። አንብበን ስንጨርስ አባትየው የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በሬዎቹንና በጎቹን ልሽጥ ወይስ ይቅር?»

በዚያን ዕለት መልስ አልሰጠነውም። ያልሰጠነውም ነገሩን ባለማወቃችን ብቻ አይደለም፤ በዚህ በሽታ ረገድ በኅሊናችን ላይ ያለ አሮጌ ዕዳ አፋችንን ስለ ያዘው ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፥ ማስተማር በጀመርንበት ወራት፥ አንድ ልጅ በክፍላችን ውስጥ ወደቀ። ልጆቹ ሸሹ፤ እኛም እንደ አገሩ ልማድ ክብሪት ጭረን ጭሱን አሸተትነው። ሲነቃም በሽታው ለሌሎቹ እንዳይተላለፍ ፈርተን አባቱን አስጠርተን፥ «እስኪሻለው ድረስ ቤት ይቆይ» አልነው። ልጁም ቤት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ሳለ ከምድጃ ላይ ወድቆ እጁ ክፉኛ ተቃጠለ፤ ወደ ትምህርት ቤትም አልተመለሰም። ስለዚህ አሁን የቀረበልንን ጥያቄ ሳናጣራ ለመመለስ አልደፈርንም። ሐኪሞችን ጠየቅን፤ የተጻፈውንም አነበብን። ያገኘነውንም እንዲህ ያለ ልጅ ላለው ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅም ዘንድ እነሆ እናቀርበዋለን።

በሽታው ምንድር ነው?

የሚጥል በሽታ ማለት የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩበት የኤሌክትሪክ ኀይል ድንገት ከልክ አልፎ ሲነሣ የሚመጣ ሕመም ነው። በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም። መነሻውም አንድ አይደለም። በወሊድ ጊዜ አንጎል መጎዳቱ፥ የማጅራት ገትር፥ የራስ ቅል አደጋ፥ የዘር ውርስም ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎች ዘንድ ግን ምክንያቱ ተፈልጎ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ ሲኖርባቸው፥ ከእነዚህም 80 በመቶ የሚጠጉት ገቢያቸው አነስተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከሺህ ሰው አምስቱ ያህል በሽታው እንዳለበት አሳይተዋል። እንግዲህ በየአጥቢያው እንዲህ ያለ ሰው አለ ማለት ነው፤ የማናየው ቤተ ሰቡ ስለሚሸሽገው ነው።

ስለ ዘይቱ የሚነገረው

የኮሎራዶ ነገር ከባዶ የተነሣ ወሬ አይደለም። በዚያ አገር ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2000 በሰጠው ድምፅ ካናቢስ ለሕክምና እንዲውል ተፈቅዷል። ሻርሎት ፊጊ የምትባል ሕፃን ድራቬ የተባለ እጅግ ከባድ የሆነ የሚጥል በሽታ ይዟት፥ በሳምንት እስከ ሦስት መቶ ጊዜ ያንቀጠቅጣት ነበር። ከዚህ ተክል የተዘጋጀ፥ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር እጅግ ያነሰበት፥ ካናቢዲዮል የሚባለው የበዛበት ዘይት ተሰጥቷት ሕመሙ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2013 በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች ቤታቸውንና ሥራቸውን እየለቀቁ ወደ ኮሎራዶ ፈለሱ። እናት ከታመመው ልጅ ጋር ስትሄድ አባት ለእንጀራ ብሎ በኋላ የቀረበት ቤትም ነበረ። ሻርሎት ራሷ እ.ኤ.አ. በ2020 በ13 ዓመቷ ዐርፋለች።

ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ነገሩን በሚዛን ለመመዘን ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ድራቬ ያለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ንጹሑን ካናቢዲዮል፥ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ፈሳሽ ወሰዱ። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ በወር 12.4 የነበረው መካከለኛ የመንቀጥቀጥ ብዛት ወደ 5.9 ወረደ፤ በሌሎቹ ዘንድ ግን ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነው የወረደው። ሆኖም በሕክምናው ጊዜ ፈጽመው ሳይንቀጠቀጡ የቆዩት ከመቶ አምስቱ ብቻ ነበሩ። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፥ ተቅማጥ፥ ትውከት፥ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የጉበት መታወክም በአንዳንዶቹ ላይ ታይቷል። እንግዲህ ተስፋው እውነት ነው፤ ነገር ግን ልክ አለው።

በዚህ ጥናትና በመሰሎቹ መሠረት የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የተጣራ መድኃኒት ፈቀደ፤ አውሮፓም በ2019 ተከተለ። የተፈቀደውም ለሚጥል በሽታ ሁሉ አይደለም። ድራቬና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉት፥ በኋላም ቱበረስ ስክለሮሲስ ከሚባለው በሽታ ጋር ለሚመጣው ነው። እነዚህም ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶቹና ብርቆቹ ናቸው።

አባትየው ልብ እንዲለው የነገርነው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ይህ የተጣራው መድኃኒት በአሜሪካ በየትኛውም ስቴት በሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ሲባል ኮሎራዶን መምረጥ አያስፈልግም። በየመደብሩና በየመረቡ የሚሸጠው ዘይት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ምርመራ በኢንተርኔት ከተገዙ 84 ዐይነቶች መካከል በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ከውስጡ ጋር የተስማማው 26ቱ ብቻ ነበሩ። የተጣራው መድኃኒት ዋጋም ሲወጣ በዓመት 32,500 ዶላር ያህል ነበረ፤ ይህን የሚችለው መድን ያለው ሰው ነው። በዚህም ላይ ስቴቱ የፈቀደውን ካናቢስ የተጠቀመ የውጭ አገር ሰው በስደተኞች ሕግ በኩል ሊጠየቅ ይችላል።

ከአሜሪካ ይልቅ ቅርብ የሆነ አገር የለምን? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና የሚውል ካናቢስ እንዲበቅል በአፍሪካ መጀመሪያ ፈቃድ ሰጥታለች፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ነገር ግን የማብቀል ፈቃድ ለአብቃዩና ወደ ውጭ ለሚልከው ነጋዴ የተሰጠ ነው እንጂ፥ ለታመመው ሕፃን መድኃኒት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ማለት አይደለም። በእኛ አገርስ? የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በ27 ድምፅ በ25 ላይ ካናቢስን እጅግ ከጠበቀው የቍጥጥር መደብ አውጥቶታል። ይሁን እንጂ የየአገሩን ሕግ የሚያወጣው የየአገሩ መንግሥት ነው። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በዐንቀጽ 525 የአደንዛዥ ዕፆችን ማምረትና ማዘዋወር፥ መጠቀምንም ይቀጣል። ስለዚህ ያች ደግ እኅት «በሰው እልካለሁ» ያለችው ከቶ የሚሆን አይደለም። ለወንድሟ ልጅ ያሰበችው በጎ ነገር ሻንጣ የተሸከመውን መንገደኛ ከቦሌ ወደ ወህኒ ሊወስደው ይችላል።

ያልተሞከረው ቅርብ መድኃኒት

ይህን ሁሉ ከተረዳን በኋላ አባትየውን፥ «እስካሁን የወሰደችው መድኃኒት ምንድር ነው?» ብለን ጠየቅነው። ከኪሱ የፌኖባርቢታል እንክብል አወጣ። «እንዴትስ ትወስዳለች?» ብንለው፥ «የጣላት ዕለት እንሰጣታለን፤ ሲሻላት እንተወዋለን። ጠበል ስትገባ ደግሞ እናቋርጣለን። ክረምትም ሲሆን መንገዱ ስለሚከፋ ያልቅብናል» አለን።

ወዳጆቻችን ሆይ፥ የጥያቄው መልስ በዚህ ቃል ውስጥ ነበረ። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጥ፥ ዋጋውም ዝቅ ያለ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በየቀኑ በሰዓቱና በልጅ ክብደት ተለክቶ ካልተወሰደ አይሠራም። ይባስ ብሎም በድንገት ሲቋረጥ ራሱ ብርቱ መንቀጥቀጥ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከመቶ እስከ 70 የሚደርሱት ሕሙማን ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ሐኪሞችም በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ነው የሚሉት፥ በትክክል የተመረጡና በትክክል የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ሳይረዱት ሲቀሩ ነው። ይህች ልጅ ግን አንዱን እንኳ በወጉ አልወሰደችም። ባሕር ማዶ ሊወስዷት የነበረው፥ ደብረ ብርሃን ሳትደርስ ነበረ።

ጠበልና ሐኪም

የጠበሉን ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም። ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ስንቱ ሕመምተኛ ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ እንደሚጓዝ እናውቃለን፤ እኛም ልጆች ሳለን ተጠምቀናል። ስሕተቱ ጠበል መግባቱ አይደለም፤ መድኃኒቱን ከውጭ ጥሎ መግባቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ ጠበል በገቡ ጊዜ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል። ለዚያ በሽታ የተነገረው ለዚህም ይሆናል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል። በወንጌል የምናገኘው፥ ልጁ ዘወትር በእሳትና በውኃ ላይ ይወድቅበት የነበረው አባትም ልጁን ሸሽጎ አላስቀመጠውም፤ በሕዝብ ፊት ይዞት መጣ እንጂ።

የተቈረጠው ምክር

አባትየው፥ ሚስቱና አሮጊት እናቱ ባሉበት ተቀምጠን መከርን። አሮጊቲቱ፥ «ልጄ፥ ሂዱ ብላችሁ ብትቈርጡ እኔ እመርቃለሁ፤ ነገር ግን አንዷን ልታድኑ ስትሉ ሦስቱን ለማን ትተዋላችሁ?» አሉ። በመጨረሻም ለኮሎራዶይቱ እኅት እንዲህ ተጻፈላት፤ «ዘይቱን በምንም ሰው እንዳትልኪ። ለመሳፈሪያ ያሰብሽውን ገንዘብ ግን ጥቂቱን ላኪልን፤ በደብረ ብርሃን ለሁለት ወር ቤት ተከራይተን ልጅቱን እናስመረምራለን።» እርሷም ሳትቀየም ላከች።

ጕዞው ቀላል አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነበርና፥ ከሞላሌ እስከ ጣርማ በር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን በክብደቷ ለክቶ አስተካከለ፤ በኋላም በሌላ ለወጠው። መንገድ ቢዘጋ እንዳያልቅባት የወራት ስንቅ እንዲያዝላት አደረገ። እናቲቱም በደብተር ላይ የወደቀችበትን ቀን፥ መድኃኒት ያመለጣትንም ቀን ትጽፋለች። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የነበረው ባለፉት አራት ወራት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆኗል። ፈጽሞ ድናለች አንልም። በሽታው ካልተበገረ ወደ አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቀራል፤ ያም ካልረዳ፥ የበሽታዋ ዐይነት በወረቀት ታውቆ፥ የባሕር ማዶው ጕዳይ እንደገና ይመከርበታል። በሬዎቹ ግን አልተሸጡም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ቤተ ሰቦች፥ ከመሸጥና ከመሰደድ በፊት እነዚህን ጠይቁ። የበሽታው ዐይነት ታውቋልን? በአገር ያለው መድኃኒት ሳይቋረጥ ተወስዷልን? የሚባለው መድኃኒት ለዚህ ዐይነት የሚሰጥ ነውን? በዚያ አገር ሐኪሙንና መድኃኒቱን ማን ይከፍላል? በመርሐ ቤቴ ያላችሁ በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል፥ በግሼና በመንዝ ያላችሁ በመሐል ሜዳ ሆስፒታል ጀምሩ። ልጁ ሲወድቅም ክብሪት አታሽትቱት፤ በአፉም ምንም አታግቡ። ከእሳትና ከገደል አርቁት፤ በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቈየበት ግን ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በመጨረሻም፥ ያን ከክፍላችን ያስወጣነውን ልጅ በቅርቡ ከቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። አሁን ጐልማሳ ሆኗል። የተጎዳ እጁን ከባናው ሥር እንደ ሸሸገ፥ «መምህር፥ የእኔስ አለፈ፤ ያችን ልጅ ግን ከክፍል እንዳያስወጧት» አለን። ልጅቱ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የምትቀመጠውም ከመምህሯ አጠገብ ነው።